ጨዋማው ውሃና ገና ያልተወለደው ልጅ

የዛሬው ዝግጅት ነፍሰ ጡር ሴት የምትጠጣው ውሃ በልጇ ዕድገት ላይ ስለሚያደርሰው ነገር ነው። የሚጠቀሱት ዓመቶች ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ከድሬዳዋ ወይም ከአዲስ አበባ መጥቶ ጅቡቲ ከተማ ያደረ ሰው ከሙቀቱ ቀጥሎ የሚያስተውለው የቧንቧውን ውሃ ጣዕም ነው። በብዙ ሰፈር ሻይ ሲፈላበት ጣዕሙ ይለወጣል፤ ሽሮ ሲሠራበት ጨው ሳይጨመር ጨው ጨው ይላል፤ ሳሙናም እንደ ልብ አረፋ አያወጣበትም። ነባሩ ነዋሪ ለምዶታል፤ አዲስ መጪውም ከወር በኋላ ይለምደዋል። የሚለመደው ግን ጣዕሙ ነው። በውሃው ውስጥ የሟሟው ነገር ሰውነት ውስጥ ገብቶ የሚሠራውን ሥራ ምላስ ስለለመደው አያቆምም፤ በተለይ ደግሞ የምትጠጣው ሴት ነፍሰ ጡር ስትሆን።

ጨው ከየት መጣ? ጅቡቲ ውስጥ ዓመቱን ሙሉ የሚፈስ ወንዝ የለም። የከተማዋ ዝናብ በአማካይ በዓመት 200 ሚሊ ሜትር አይሞላም፤ አንዳንዴም እንደ ኅዳር 2019 በአንድ ጊዜ ወርዶ ሰፈር ያጥለቀልቅና ወደ ባሕር ይሄዳል። ፈረንሳዮች በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ከተማዋን ከቆረቆሩ ጀምሮ ሕዝቡ ሲጠጣ የኖረው ከአምቡሊ ደረቅ ወንዝ አካባቢና በዙሪያው ካለው ጥቁር የእሳተ ገሞራ ድንጋይ ሥር በጉድጓድ የተሳበ ውሃ ነው። ከተማዋ ትንሽ ሳለች ውሃው ይበቃ ነበር። ከዚያ ወደቡ ሰፋ፤ ድርቅና ጦርነት ከየአቅጣጫው ሰው አመጣ። በ1966 ፈረንሳዮች ከተማዋን በሽቦ ባጠሩ ጊዜ ከአጥሩ ውጪ የቀሩ ሰዎች የሠፈሩባት ባልባላ ዛሬ ራሷን የቻለች ትልቅ ከተማ መስላለች። ጉድጓዶቹ ዝናብ ከሚተካው በላይ ሲሳቡ የከርሰ ምድሩ ጣፋጭ ውሃ ዝቅ ይላል፤ በቦታውም የባሕሩ ውሃ በድንጋዩ ስንጥቅ እየሰረገ ይገባል። የጅቡቲ ከተማ ጨዋማ ቧንቧ ታሪኩ ይኸው ነው።

በሰኔ 2017 ለዚህ ችግር ትልቅ መልስ መጣ። በኢትዮጵያ ሶማሌ ክልል፣ ቀድሞ ሺኒሌ ይባል በነበረው ሲቲ ዞን፣ ሐደጋላ ከተቆፈሩ ጥልቅ ጉድጓዶች ተነሥቶ 102 ኪሎ ሜትር የሚጓዝ የውሃ መስመር ተመረቀ። በቀን 100 ሺህ ሜትር ኩብ እንዲሰጥ የታሰበ ሲሆን፣ ገንዘቡ ከቻይና ኤግዚም ባንክ በብድር የተገኘ ነው። አሊ ሳቢህን፣ ዲክሂልንና አርታን እያጠጣ ዋና ከተማዋ ይደርሳል። በአውሮፓ ኅብረት ድጋፍ ደግሞ ዶራሌ ላይ የባሕር ውሃን ጨው የሚያስወግድ፣ በቀን 22,500 ሜትር ኩብ የሚያመርት ፋብሪካ ተሠርቷል። ሁለቱም ትልቅ ሥራዎች ናቸው፤ ሁለቱንም ማመስገን ይገባል። ይሁንና የአንድ ሰፈር ቧንቧ ዛሬ የሚያወርደው ውሃ ከየትኛው ምንጭ እንደመጣ የቤቷ እመቤት አታውቅም። ውሃ በቦቴ የሚደርሳቸው የባልባላ ዳርቻዎች፣ በጀሪካንና በበርሜል የሚያጠራቅሙ ቤቶችም አሉ። እዚያ የሚታየው ውሃ ጥርት ያለ ነው። ጥራት ማለት ግን ለዓይን መጥራት ብቻ አይደለም።

ጨው በነፍሰ ጡር ላይ የሚያደርሰው ነገር በደንብ የተመረመረው በባንግላዴሽ ነው። በደቡብ ምዕራብ ባንግላዴሽ፣ ኩልና አካባቢ፣ ዳኮፕ የምትባል የባሕር ዳር ወረዳ አለች። እንደ ጅቡቲ የከርሰ ምድር ውሃዋን ባሕር ገብቶበታል። በ2011 የታተመ ጥናት በደረቁ ወቅት የዳኮፕ ሰው ከመጠጥ ውሃ ብቻ በቀን ከ5 እስከ 16 ግራም ሶዲየም፣ ማለትም በጨው ውስጥ ያለውን ንጥረ ነገር፣ እንደሚወስድ ገምቷል። የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂ ሰው የሚመክረው ከምግብም ከመጠጥም ተደምሮ ከ2 ግራም በታች ነው። በዚያው ወረዳ በነፍሰ ጡሮች ላይ የሚታየው የደም ግፊት በደረቁ ወቅት፣ ማለትም ውሃው ይበልጥ ጨዋማ በሚሆንበት ጊዜ፣ ከዝናቡ ወቅት ይልቅ ይበዛ ነበር። ተመራማሪዎቹ በዚህ አልቆሙም። የእርግዝና ደም ግፊት ወይም ፕሪኤክላምፕሲያ የያዛቸውን 202 ሴቶች ካልያዛቸው 1,006 ነፍሰ ጡሮች ጋር አስተያይተው ውጤቱን በ2014 አሳተሙ። የሚጠጡት ውሃ ጨው በጨመረ ቁጥር የመታመም ዕድላቸውም አብሮ ይጨምር ነበር።

ይህን ወደ ጅቡቲ የቤት ሒሳብ እንመልሰው። አንድ ሊትር ውሃ ለምሳሌ 500 ሚሊ ግራም ሶዲየም ቢኖረው፣ አራት ሊትር የጠጣች ሴት ገና እህል ሳትቀምስ የቀኑን 2 ግራም ጨርሳለች። አራት ሊትር ብዙ ይመስላል? ከሰኔ እስከ ነሐሴ ካምሲን ሲነፍስ፣ ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ ሲያልፍ፣ እርጉዝ ሆና ቆማ እንጀራ የምትጋግርና ልብስ የምታጥብ ሴት ምን ያህል እንደምትጠጣ የኖረበት ያውቃል። የዓለም ጤና ድርጅት የመጠጥ ውሃ መለኪያዎች ሲሰሉ አብዛኛውን ጊዜ መነሻ የሚሆነው አንድ አዋቂ በቀን ሁለት ሊትር ይጠጣል የሚል ግምት ነው። ጅቡቲ ላይ ይህ ግምት ያንሳል። በአንድ ሊትር ውስጥ ያለው መጠን ልከኛ ቢሆን እንኳ በቀኑ መጨረሻ ወደ ሰውነት የሚገባው በእጥፍ ይበልጣል ማለት ነው። በሞቃት አገሮች ለውሃ ጥራት የሚቆም ባለሙያ ሁሉ ይህን ነጥብ ሊይዝ ይገባል።

ፕሪኤክላምፕሲያ ከእርግዝና 20ኛ ሳምንት በኋላ የሚመጣ፣ ደም ግፊት ከፍ የሚልበትና አብዛኛውን ጊዜ ሽንት ውስጥ ፕሮቲን የሚታይበት ሕመም ነው። እናትን እስከ ማንቀጥቀጥና እስከ ሞት ያደርሳል። ሕመሙ ሲነሣ ለእንግዴ ልጅ ደም የሚያመላልሱት ሥሮች በሚገባ አይሰፉም፤ ፅንሱም ኦክስጅንና ምግብ ይጎድልበታል። ብዙ ጊዜ መድኃኒቱ ልጁን ያለ ጊዜው ማዋለድ ብቻ ይሆናል። ያለ ጊዜው ወይም ክብደቱ አንሶ የተወለደ ልጅ ብዙ ጊዜ በደኅና ያድጋል፤ ሆኖም መራመድና መናገር የመዘግየት፣ የማየትና የመስማት ችግር፣ ትምህርት ቤት ሲገባም ትኩረት የማጣት ዕድሉ በጊዜው ከተወለደው ይበልጣል። በሰባት ዓመቱ ፊደል አልገባው ያለ ልጅ ሰነፍ እየተባለ ሲገሠጽ የችግሩ ሥር እናቱ አርግዛው ሳለች በነበራት የደም ግፊት ላይ ሊሆን ይችላል።

ጨው የሚጎዳው በእናቲቱ በኩል አልፎ ነው። በቀጥታ ፅንሱ ዘንድ የሚደርሱ ነገሮችም አሉ።

የእንግዴ ልጅ ክፉውን አስቀርቶ ደጉን ብቻ የሚያሳልፍ ወንፊት አይደለም። እርሳስ፣ አርሰኒክና ፍሎራይድ አልፈውት ይገባሉ። የፅንሱ አንጎል ራሱን ከደም ውስጥ መርዝ የሚከላከልበት ግድግዳ ገና አልበሰለም። የአንጎልና የአከርካሪ መነሻ የሆነው ቱቦ የሚዘጋው በአራተኛው ሳምንት ገደማ ነው፤ በዚያን ጊዜ ብዙ ሴት መፀነሷን እንኳ አላወቀችም። ከዚያ በኋላ ባሉት ወራት የአንጎል ሕዋሳት በብዛት እየተፈጠሩ ወደየቦታቸው ይጓዛሉ፤ እርስ በርስም ይያያዛሉ። በዚህ ጉዞ ላይ የሚገባ ጥቂት መርዝ ለአዋቂ ሰው ምንም ላይመስል ይችላል፤ ለፅንሱ ግን የሥራው ቅደም ተከተል የሚዛባበት ምክንያት ይሆናል። እርሳስ ደግሞ ሌላ ክፉ ጠባይ አለው። ለዓመታት በእናቲቱ አጥንት ውስጥ ተኝቶ ይቆይና፣ ለፅንሱ አጥንት ካልሲየም በሚፈለግበት ጊዜ አብሮ ተነሥቶ ወደ ደም ይገባል። ልጅቷ በሕፃንነቷ የጠጣችው እርሳስ አድጋ ስታረግዝ ወደ ልጇ ሊሻገር ይችላል ማለት ነው።

ጨውና እርሳስ የሚገናኙበትም መንገድ አለ። በአሜሪካ ሚሺጋን፣ በፍሊንት ከተማ፣ በሚያዝያ 2014 ወጪ ለመቀነስ ሲባል የውሃው ምንጭ ወደ ፍሊንት ወንዝ ተለወጠ። የወንዙ ውሃ ከጨው ንጥረ ነገሮች አንዱ የሆነው ክሎራይድ የበዛበት ነበር፤ ቧንቧን ከመበላት የሚያድነው መድኃኒትም አልተጨመረበትም። ውሃው የድሮዎቹን የእርሳስ ቧንቧዎች እየበላ እርሳሱን ይዞ ወደ ቤት ገባ። የሕፃናት ሐኪሟ ሞና ሐና አቲሻ የልጆችን የደም ምርመራ አሰባስባ እስክትጮህ ድረስ ባለሥልጣናቱ ውሃው ደኅና ነው ይሉ ነበር። ምንጩ ወደ ቀድሞው የተመለሰው በጥቅምት 2015 ነው። ጨዋማ ውሃ በሚሄድበት ከተማ ሁሉ የቧንቧው፣ የመጋጠሚያውና የቧንቧ አፉ ብረት ከምን እንደተሠራ መጠየቅ ያለበት በዚህ ምክንያት ነው።

ጅቡቲን በመልክዓ ምድር እጅግ የምትመስለው ግን ፍሊንት ሳትሆን በሰሜን ቺሊ ያለችው አንቶፋጋስታ ናት። እሷም የበረሃ ወደብ ናት፤ ዝናብ አታውቅም፤ ከበስተጀርባዋ ካለው ምድር የሚቆፈረው ማዕድን በእሷ በኩል ይወጣል። ከተማዋ ስታድግ ውሃ አጠራት። በ1958 ከአንዲስ ተራሮች ከሚፈሱ ወንዞች በረጅም መስመር ውሃ ተሳበላት። ሕዝቡ ደስ አለው፤ ውሃው ጣፋጭና ጥርት ያለ ነበር። ተራሮቹ ግን የእሳተ ገሞራ ናቸው፤ በውሃው ውስጥ በሊትር 860 ማይክሮ ግራም ገደማ አርሰኒክ ነበር። የዛሬው የዓለም ጤና ድርጅት ወሰን 10 ነው። ማጣሪያ ተተክሎ መጠኑ የቀነሰው በ1970 ነው።

በእነዚያ 12 ዓመታት የተረገዙና የተወለዱ ልጆች አደጉ፤ ትምህርት ቤት ገቡ፤ ሥራ ያዙ። አለን ስሚዝና የቺሊ ባልደረቦቹ በ2006 ያሳተሙት ጥናት እነዚህ ሰዎች ከ30 እስከ 49 ዓመታቸው ሳሉ ምን እንደገጠማቸው ከሞት መዝገብ ፈለገ። በሳንባ ካንሰር የሞቱት ከሌላው የቺሊ ሕዝብ ጋር ሲነጻጸሩ ስድስት እጥፍ ነበሩ። የሳንባ ቱቦ ተበላሽቶ መግል በሚቋጥርበት ብሮንኬክታሲስ በተባለው ሕመም የሞቱት ደግሞ 46 እጥፍ። ውሃው ከተጣራ ከብዙ ዓመታት በኋላ ነው ይህ የሆነው። መርዙ ከቧንቧው ወጥቶ ነበር፤ ከሰዎቹ ግን አልወጣም።

ከዚህ ጥናት በፊት በማኅፀን የገባ መርዝ የጎልማሳን ሳንባ ይገድላል ብሎ የሚያስብ ብዙ ሰው አልነበረም። ከአንቶፋጋስታ ታሪክ ለጅቡቲ የሚጠቅመው ግን ፍርሃቱ ሳይሆን ቅደም ተከተሉ ነው። ከሩቅ የሚመጣ ውሃ ሁሉ፣ ከሐደጋላም ይሁን ከሌላ፣ ምንጩ ላይ ምን ምን ማዕድን እንዳለበት በየጊዜው ይለካ፤ ውጤቱም ለሚጠጣው ሕዝብ ይነገር። አንድ ጊዜ ተለክቶ ፋይል ውስጥ የሚቀመጥ ወረቀት ለነፍሰ ጡሯ ምንም አይፈይድላትም።

ባንግላዴሽ በአርሰኒክም መራራ ትምህርት አላት። ከ1970ዎቹ ጀምሮ ሕፃናት በኩሬ ውሃ ተቅማጥ እንዳያልቁ ተብሎ በሚሊዮን የሚቆጠሩ የእጅ ፓምፕ ጉድጓዶች ተቆፈሩ። ተቅማጡን ለማራቅ የተቆፈሩት ጉድጓዶች አርሰኒክ ይዘው ተገኙ። በ2004 በታተመ ጥናት በአራይሃዛር ወረዳ 201 የአሥር ዓመት ልጆች ተፈትነው፣ የቤታቸው ጉድጓድ አርሰኒክ በበዛ መጠን የማሰብ ፈተና ውጤታቸው ዝቅ ብሎ ታየ። በቅን ልብ የተሠራ ሥራ ሳይለካ ሲቀር እንዲህ ይሆናል።

አርሰኒክ ለጅቡቲ ወደብም እንግዳ ስም አይደለም። በ2002 መጀመሪያ ወደ ኢትዮጵያ የሚሄድ፣ እንጨት እንዳይበሰብስ የሚቀባ ክሮምየም፣ መዳብና አርሰኒክ ያለበት ኬሚካል በጅቡቲ ወደብ ከማሸጊያው ፈሰሰ፤ የወደቡንም መሬት በከለ። መንግሥት በአደገኛ ቆሻሻ ላይ ከሚሠራው ከባዝል ስምምነት አስቸኳይ እርዳታ ጠየቀ። የተበከለው ቦታ ታጥሮ፣ አፈሩ ተነሥቶ፣ ብዙ ድካም ተደርጓል። ይህ ታሪክ ለቤት እመቤት የሚነግራት አንድ ነገር አለ። በወደብ ከተማ ባዶ የፕላስቲክ በርሜልና ጀሪካን ርካሽ ነው፤ ቀድሞ ምን እንደያዘ ግን ሻጩም ላያውቅ ይችላል። ኬሚካል የያዘ ዕቃ በሳሙናም በአመድም ቢታጠብ ፕላስቲኩ የጠጣው ኬሚካል ታጥቦ አያልቅም፤ ከዚያ በኋላ በየቀኑ ጥቂት ጥቂት ወደ ውሃው ይመልሳል። የመጠጥ ውሃ የሚቀመጠው የምግብ ዘይት ወይም ውሃ ብቻ በነበረበት፣ ክዳን ባለው ዕቃ ነው።

አሁን ወደ አገር ቤት፣ ወደ ኢትዮጵያ እንለፍ። በ1954 የሆላንዱ ኩባንያ ኤች ቪ ኤ በወንጂ የስኳር ፋብሪካ ከከፈተ በኋላ ሠራተኞቹ የጉድጓድ ውሃ ይጠጡ ነበር። ከዓመታት በኋላ የልጆቹ ጥርስ ቡናማ ሆነ፤ የሽማግሌዎቹ ጀርባ ታጠፈ፤ አንዳንዶቹም ሽባ ሆኑ። ምክንያቱ ከስምጥ ሸለቆው ድንጋይ ወደ ውሃ የሚሟሟው ፍሎራይድ ነበር። የነርቭ ሐኪሙ ፕሮፌሰር ረዳ ተክለሃይማኖት ለረጅም ዘመን ይህንን በሽታ አጥንተው ለዓለም አሳውቀዋል። የዓለም ጤና ድርጅት ወሰን በሊትር 1.5 ሚሊ ግራም ነው፤ በስምጥ ሸለቆ ከ10 በላይ የሚገኝባቸው ጉድጓዶች አሉ።

ለረጅም ጊዜ ወሬው ሁሉ ስለ ጥርስና ስለ አጥንት ነበር። በ2023 ተመራማሪው ቴዎድሮስ ራንጎ ጎደቦና ባልደረቦቹ ስለ አንጎል ጠየቁ። በስምጥ ሸለቆ ገጠር ውሃቸው ከ0.4 እስከ 15.5 ሚሊ ግራም ፍሎራይድ ካለበት መንደሮች 74 ልጆችን መርጠው አህያ፣ ቤትና ሰው እንዲስሉ አደረጉ። አህያን የማያውቅ የገጠር ልጅ የለም። ፍሎራይድ በበዛበት መንደር ያሉት ልጆች ሥዕል ላይ ግን የሚጎድለው አካል ይበዛ ነበር፤ በኮምፒውተር በተሰጠው የማስታወስ ፈተናም ስሕተታቸው ጨምሮ ታየ። ተመራማሪዎቹ ራሳቸው የሙከራ ጥናት ነው ብለዋል፤ ልጆቹም ውሃውን የጠጡት ከተወለዱ በኋላም ጭምር ነው። በእርግዝና ወቅት ብቻ የነበረውን የለዩት በሜክሲኮ ሲቲ በ2017፣ በካናዳ ደግሞ በ2019 የታተሙ ጥናቶች ናቸው። በነፍሰ ጡሮች ሽንት የተለካው ፍሎራይድ ከፍ ሲል የልጆቹ የአእምሮ ፈተና ውጤት ዝቅ ማለቱን ዘግበዋል። የካናዳው ጥናት ይህን ያየው በወንዶቹ ልጆች ላይ ነው። በአነስተኛ መጠን ስላለው ፍሎራይድ ሳይንቲስቶች ዛሬም ይከራከራሉ። ከ1.5 ሚሊ ግራም በላይ ስላለው ግን የአሜሪካ ብሔራዊ የመርዛማ ነገሮች ጥናት ፕሮግራም በ2024 ባወጣው ሪፖርት፣ ከልጆች የአእምሮ ብቃት መቀነስ ጋር እንደሚያያዝ መካከለኛ እርግጠኝነት አለ ብሎ ደምድሟል። ጅቡቲም የዚያው ስምጥ ሸለቆ ጫፍ ናት፤ በእንፋሎትና በፍል ውሃ ምድር ላይ የቆመች አገር ናት። ከጨው ቀጥሎ መለካት ያለበት ይኸው ነው።

ጀርምን መርሳት አይገባም። የቆሸሸ ውሃ የሚያመጣው ተቅማጥ ብቻ አይደለም፤ ሄፓታይተስ ኢ የሚባል የጉበት ቫይረስም አለ። ይህ ቫይረስ ለብዙው ሰው ለጥቂት ሳምንት ዓይን ቢጫ አድርጎ የሚያልፍ ሕመም ነው። በመጨረሻዎቹ ሦስት ወራት ላይ ያለች ነፍሰ ጡርን ሲይዝ ግን፣ በዓለም ጤና ድርጅት ግምት፣ ከመቶ እስከ 20 ወይም 25 የሚሆኑትን ሊገድል ይችላል። በኢትዮጵያ ፕሮፌሰር እደማርያም ጸጋና ባልደረቦቻቸው በሰሜን በሠራዊት ካምፕ የተነሣውን ወረርሽኝ በ1991፣ ቫይረሱ በነፍሰ ጡሮች ላይ ያደረሰውን ደግሞ በ1993 ጽፈዋል። በ2014 በጋምቤላ ስደተኛ ካምፖች እንደገና ታይቷል። ጎርፍ ሲመጣና የመጸዳጃ ጉድጓድ ሲሞላ የሚፈራው አንዱ ይኸ ነው።

እዚህ ላይ ብዙ ቤት የሚሳሳትበት ነገር ይመጣል። ብዙ ሰው ውሃ ከፈላ ሁሉም ነገር ያልቅለታል ብሎ ያስባል። ፍልቅልቅ ብሎ ለአንድ ደቂቃ የፈላ ውሃ ጀርሙን ይገድላል፤ ሄፓታይተስ ኢንም ይገድላል። ክሎሪንም፣ አገር ቤት ውሃ አጋር እንደሚባለው ያለ፣ በትክክለኛው መጠን ሲጨመር ለአብዛኛው ጀርም ይበጃል። ጨው፣ ፍሎራይድ፣ አርሰኒክና እርሳስ ግን አይተንኑም። ውሃው እየተነነ ሲሄድ እነሱ በቀረው ውስጥ ይከማቻሉ። ድስቱ ግማሽ እስኪሆን ለረጅም ጊዜ የተፈላ ጨዋማ ውሃ በሊትር ያለው የጨው መጠን እጥፍ ሆኗል ማለት ነው። ማፍላት ለጀርም፣ ጨው የሚያስወግድ ማጣሪያ ለጨውና ለማዕድን። አንዱ የሌላውን ሥራ አይሠራም።

ታዲያ ባልባላ የምትኖር፣ ባሏ ሹፌር የሆነ፣ ወይም እሷ ራሷ ሰው ቤት የምትሠራ ነፍሰ ጡር እህት ምን ታድርግ? በመጀመሪያ፣ ጨው ፈርታ ውሃ መጠጣት አትተው። በዚያ ሙቀት ውሃ የጎደለባት ነፍሰ ጡር ለራሷም ለልጇም አደጋ ላይ ናት። ቤት ውስጥ ሁለት ዓይነት ውሃ ከተገኘ ጨው ያነሰው፣ የታሸገም ይሁን የተጣራ፣ ለእሷ መጠጥና ለምግቧ ይቀመጥ፤ ጨዋማው ለልብስና ለዕቃ ይሁን። ቤተሰቡ ሁሉንም መግዛት ካልቻለ ለዘጠኙ ወር ቅድሚያው የእሷ ነው፤ ባልም አማትም ይህን ቢያውቁት መልካም ነው። በጨዋማ ውሃ የተሠራ ወጥ ወይም ሩዝ ላይ ጨው ሳይቀመስ አይጨመር፤ የማጣፈጫ ኩብም እንዲሁ ጨው ነው። ወተት፣ እርጎና ቅጠላ ቅጠል በምግቧ ላይ ይግቡ። ካልሲየም በሚያንስበት አመጋገብ ላይ ላሉ ነፍሰ ጡሮች የዓለም ጤና ድርጅት ተጨማሪ ካልሲየም የሚመክረው ፕሪኤክላምፕሲያን ለመቀነስ ነው፤ እርሳስም ካልሲየም በጠገበ ሰውነት ውስጥ ብዙ አይሰርግም።

ከሁሉ በላይ ክትትል አታቋርጥ። በዳር አል ሐናን የወሊድ ሆስፒታልም ሆነ በሰፈሯ ጤና ጣቢያ በየቀጠሮው ክንዷ ታስሮ ግፊቷ ይለካ፤ ሽንቷም ይታይ። መለካቱ ከጥቂት ደቂቃ በላይ አይፈጅም። ሰነድ የለኝም ወይም ፈረንሳይኛና ሶማልኛ አልችልም ብላ የምትቀር ኢትዮጵያዊት ብዙ ናት፤ ጎረቤት ወይም የሥራ ባልደረባ አብሯት ይሂድ። የማይለቅ ራስ ምታት፣ የዓይን ብዥታ፣ የፊትና የእጅ ማበጥ፣ ከጡት በታች ያለ የሆድ ላይኛው ክፍል ሕመም ከመጣ ቀጠሮ አይጠበቅም፤ በዚያው ቀን፣ ሌሊትም ቢሆን፣ ይኬዳል።

ይህ ሁሉ ሲባል ሸክሙን ሁሉ እናት ላይ መጫን ፍርደ ገምድልነት ነው። ሴትየዋ የጉድጓዱን ጥልቀት አልወሰነችም፤ ቧንቧውን አልዘረጋችም፤ ውሃውን የምትለካበት መሣሪያም የላትም። የከተማዋን ውሃ የሚያዳርሰው ኦኔአድ፣ የጤና ሚኒስቴርና የልማት አጋሮች የየሰፈሩን የጨው፣ የፍሎራይድና የአርሰኒክ መጠን ለክተው በሬዲዮና በጤና ጣቢያ ግድግዳ ላይ ቢያስነግሩ፣ አዋላጇ ነፍሰ ጡሯን የት ሰፈር እንደምትኖር ጠይቃ ብቻ ማን ይበልጥ መጠበቅ እንዳለበት ታውቅ ነበር። ከዶራሌና ከሐደጋላ የሚመጣውን የተሻለ ውሃ ሲያከፋፍሉም የወሊድ ሆስፒታሎችና ጤና ጣቢያዎች ከመጀመሪያዎቹ ተራ ሊሆኑ ይገባል።

ልጁ ሲወለድ ደግሞ እናት አንድ ትልቅ አቅም አላት። ከእንግዴ ልጅ በተለየ፣ የጡት ወተት አርሰኒክንና ፍሎራይድን እጅግ በጥቂቱ ብቻ ያሳልፋል፤ እናቲቱ የምትጠጣው ውሃ ብዙ ቢኖርበት እንኳ። የዱቄት ወተት በጨዋማ ወይም ማዕድን በበዛበት ውሃ ሲበጠበጥ ግን ያ ሁሉ በጡጦው ይገባል። ስለዚህ እስከ ስድስት ወር ጡት ብቻ። በእኛ ዘንድ ለአራስ ሕፃን ቅቤ ማላስ፣ የአብሽ ውሃ ወይም ስኳር በውሃ መስጠት የቆየ ነው፤ በጅቡቲ ሙቀት ደግሞ ልጁ ጠማው ተብሎ ውሃ በማንኪያ ይሰጣል። አያስፈልገውም። የጡት ወተት አብዛኛው ውሃ ነው፤ ካምሲን በሚነፍስበት ወርም ይበቃዋል። ሲሞቅ ቶሎ ቶሎ ይጥባ፤ ውሃውን እናት ትጠጣ። ከመጀመሪያው ሳምንት በኋላ በቀን ስድስት ጊዜና ከዚያ በላይ ፈዘዝ ያለ ሽንት የሚሸና ሕፃን ውሃ አልጎደለበትም።